እመቤታችን ከደንገሉ ዳር የላከቻት አዋላጅ

ምእመናን ሆይ፥ አምላክን የወለደች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በጣና ዳር ያደረገችውን ተአምር እጽፍላችኋለሁና ልባችሁን ከፍታችሁ ስሙ፤ ረድኤቷ ከሁላችን አይለይ።

በሐይቁ ዳር ባለች መንደር መሪጌታ ዳኘው የሚባል ሰው ነበረ፤ እርሱም ባሌ ነው፥ ነፍሱን በገነት ያኑርልኝ። በየዕለቱ ውዳሴ ማርያም ሳይደግም ውኃ አይቀምስም፤ ከደገመም በኋላ ከእንጀራው ቆርሶ በእመቤታችን ስም ለነዳያን ሳይሰጥ አይበላም ነበር። ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ከመንደራችን በታች፥ ደንገል በሚበቅልበት ረግረግ፥ ከደንገሉ ታንኳ እየሠሩ የሚኖሩ ወይጦ የሚባሉ እስላሞች ነበሩና እነርሱን ይጸየፍ ነበር። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ፥ ዓይናቸው ነፍሰ ጡር ያስወርዳል ሲባል ሰምቶ አድጓልና፥ በታንኳቸው ይሻገራል፥ ውኃ የጠጡበትን ቅል ግን ድንጋይ ላይ ይሰብረው ነበር። ብቻውን አልነበረም፤ የሚሰበረውን ቅል የማቀብለው እኔ ነበርሁ።

ከዕለታት በአንድ ቀን፥ በነሐሴ ዐሥራ ስድስት፥ በእመቤታችን የፍልሰታ በዓል፥ የመንደሩ ሰው ሁሉ ከነአዋላጂቱ ወደ ደሴቱ ገዳም ተሻገረ። እኔ ግን የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ቀኔ ቀርቦ ነበርና ከዳኘው ጋር ቀረሁ። ጧት ምጥ ያዘኝ፤ ከዚያም ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ታወከና ከደሴቱ የሚመለስ ጠፋ። ቀትርም በሆነ ጊዜ ጉልበቴ አለቀ፥ ልጁም አልመጣ አለ። ዳኘው ከደጅ ተደፍቶ አለቀሰና ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በልቡ፥ «እመቤቴ ሆይ፥ የምታዋልዳት ሴት ላኪልኝ፤ የላክሻትን በገዛ እጄ አጎርሳታለሁ» ብሎ ተሳለ።

ቀና ባለ ጊዜ አንዲት ወይጦ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ከፊቱ ቆማለች፤ ስሟም ዘሐራ ነበረ። እርሱም ደንግጦ በሩን በሁለት እጁ ዘጋ።

«ወዴት ነው፥ አንቺ ሴትዮ? እዚህ ምጥ አለ፤ ዓይንሽን መልሺ» አላት።

«ለምጡ ነው የመጣሁት፤ ዞር በልልኝ ጌታው።»

«ማን ጠራሽ?»

«ደንገል ሳጭድ አንዲት እመቤት መጣችብኝ። ያለ ታንኳ ውኃው ላይ ቆማለች፥ ማዕበሉ የቀሚሷን ጫፍ አላራሰውም። ‹ወደ ዳኘው ቤት ሂጂ፥ ሚስቱ ተጨንቃለች› አለችኝ። እኔም ‹ቅል ሰባሪው ዳኘው? እርሱ እኔን ያስገባል?› አልኋት። ‹የምልክለትን ሴት በእጁ ሊያጎርስ አሁን በልቡ ተስሎልኛል› አለችኝ። እንግዲህ ዋሽታኝ እንደሆነ ንገረኝና ልመለስ።»

ዳኘውም ከእግዚአብሔርና ከእመቤታችን በቀር ማንም ያልሰማውን የልቡን ነገር ከአፏ በሰማ ጊዜ በግንባሩ ተደፋ።

«ስግደቱን ኋላ ታደርሰዋለህ፤ አሁን ውኃ አሙቅ» ብላው ገባች።

ልጁ በማኅፀኔ ተጋድሞ ነበርና እጇን ታጥባ ቅቤ ተቀብታ ሆዴን ቀስ እያለች እያሸች አቃናችው። «እኛም መርየምን እንወዳታለን፤ በምጥ ጊዜ ስሟን እንጠራለን፤ ጥሪያት» አለችኝና አብረን ጠራናት። በዘጠኝ ሰዓትም ሴት ልጅ ወለድሁ። በአገራችን ለሴት ልጅ እልልታው ሦስት ነው፤ ዘሐራ ግን ሰባት አለች፥ «አራቱ ለእናቷ ነው» ብላ።

ከዚያም ዳኘው ስእለቱን ሊፈጽም የፍስክ ወጥ አቀረበ። «የእናንተን እርድ አልበላም፤ ሽሮ ግን ሃይማኖት የለውም» አለችው። ሽሮውን አምጥቶ በትንሹ ጠቅልሎ አጎረሳት። «መሪጌታ፥ ይህ የወፍ ጉርሻ ነው። ደግሞም አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለችው። እርሱም ሳቀና በሰፊው ጠቅልሎ ደገማት፤ እኔም ካልጋዬ ሆኜ ሳቅሁ።

ነፋሱ ቆሞ ሰዎቹ ሲመለሱ ሁለቱን ከአንድ ገበታ አገኟቸውና አጉረመረሙ። የነፍስ አባታችን ግን ነገሩን ሰምተው፥ «እመቤታችን መልእክተኛዋን ስትመርጥ እናንተን አላማከረችም» አሏቸው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ዳኘው ወደ ረግረጉ ይወርድ ጀመር። ወይጦዎቹም ልጆቻቸውን «መሪጌታ በአስማቱ ጉማሬ ያደርጋችኋል» እያሉ ያስፈራሩ እንደ ነበር በሰማ ጊዜ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እኛ እነርሱን፥ እነርሱም እኛን ሳንተዋወቅ ስንፈራ ኖረናልና። የዘሐራ ባል እንድሪስ ታንኳ መሥራት አስተማረው። የመጀመሪያዪቱ ታንኳው ከእርሱ ጋር ሰጠመች፤ የወይጦዎቹም ልጆች በነጠላው ጎትተው አወጡት። ዘሐራም የመንደሩ ሁሉ አዋላጅ ሆነች፤ አስቀድመው ያጉረመረሙት ሴቶች ቀናቸው ሲደርስ የሚጠሩት እርሷን ነው።

ዳኘው ባረፈ ጊዜም ወይጦዎቹ አስከሬኑን ወደ ደሴቱ አሻገሩልኝ፥ ቀዛፊዎቹም እያለቀሱ ይቀዝፉ ነበር። እኔም ይህን ያደረገችልንን እመቤት አመስግኜ፥ ልጃችን እንድታነብበው ጻፍሁት።

ያነበባችሁና የሰማችሁ ሁሉ፥ እመቤታችን በጭንቃችሁ ቀን ትድረስላችሁ፤ የምትልክላችሁንም ሰው ከደጅ እንዳትመልሱ ልባችሁን ታብራ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።