ሽኮኮ ጅራቷን ያጣችበት ዝርዝር

ኑ፣ ጠጋ በሉ። አፍ ይዘጋ፣ ጆሮ ይከፈት። አንተ በቆሎ የምትግጠው፣ አንተንም ነው፤ ጥርስህ ከኔ በላይ እያወራ ነው።

ድሮ፣ ለአንዳንዱ አውሬ ገና ስም ሳይወጣለት፣ እመት ሽኮኮ ረጅም ጅራት ነበራት አሉ። እሷ ከሦስት ልጆቿ ጋር ገደሉ ሥር ሣር ትግጣለች፤ አያ ዝንጀሮ ገደሉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሕጉ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ዘበኛው የመጣውን አውሬ መልክና ጠባይ አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ እስኪጨርስ ማንም ንቅንቅ አይልም።

አንድ ቀን አያ ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ድመት የሚመስል፣ ድመት ግን ያልሆነ፣ ቆዳው ዝንጉርጉር፣ ጥፍሩን የሚደብቅ፣ ኮቴው የማይሰማ፣ ዛፍም የሚወጣ…»

ሲጨርስ አውሬው የእመት ሽኮኮን ጅራት ቦጭቆ ሄዷል።

«ምነው ባጭሩ ብትለው፣ አያ ዝንጀሮ?»

«ካሳጠርኩት ትሳሳታላችሁ።»

በሳምንቱ ያው አውሬ መጣ። አያ ዝንጀሮ ያንኑ ዝርዝር ሲደግም «ድመት ግን ያልሆነ» የምትለዋን ዘለላት። ታዲያ «ድመት ነው» ብለው ሣራቸውን ሲግጡ የትልቁ ልጅ ጆሮ ተቀደደ።

«አንዷን ብቻ እኮ ነው የረሳሁት» አለ።

«ኤዲያ! ታዲያ ምን በወጣህ በመጣ ቁጥር ከሀ ትጀምራለህ?»

እመት ሽኮኮ መረራት። ልጆቿን ሰበሰበችና ዝርዝሩን አንዴ፣ በደንብ አድርጋ ነገረቻቸው። «ይኼን ሁሉ የያዘ ነብር ይባላል። ነብር ስል ይኼ ሁሉ ነው። ሌላ ጠባይ ካወቅንበት እዚሁ ላይ እንጨምራለን። በቃ።»

በሦስተኛው ጊዜ አያ ዝንጀሮ «ድመት የሚመስል…» ሲል እመት ሽኮኮ ቀና ብላ አየችና «ነብር» አለች። ልጆቹ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገቡ። ነብር ባዶ ድንጋይ ቧጥጦ ተመለሰ። አያ ዝንጀሮ ገና «ጥፍሩን የሚደብቅ» የሚለው ላይ ነበር።

ወርዶ ተቆጣ። «ሕግ አፈረስሽ። በአንድ ቃል ማን ይገባዋል?»

«ሦስቱም ገብቷቸው ነው ያመለጡት። ደጋግሞ የሚመጣን በስሙ ነው የሚጠሩት፣ አያ ዝንጀሮ።»

«የኔ ግን ሙሉ ነው። ምን ጎደለው?»

እመት ሽኮኮ ዞር አለችና ጅራቷ የነበረበትን አሳየችው።

«የጎደለውማ እዚህ ጋ ነው።»