የሰዓት ማማው ገመድ ለምን መሬት ነካ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው ገበያ በሚውሉበት ዘመን፣ ስሟ ከአፌ የጠፋ አንዲት ከተማ ነበረች። ነዋሪዎቿ ገበያው መሐል ትልቅ የሰዓት ማማ አሠሩ። ድንጋዩን በጀርባዋ ያመላለሰችው እመት ቡላ የምትባል አህያ ናት። ሥራው ሲያልቅ ግን ሰዓቱን እንድትጠብቅ የተሾመችው እመት ጦጢት ሆነች፤ መንጠልጠል ስለምትችል ብቻ! አይ ሹመት!

ዳኛው አያ በሬ «ማማው ሳይደውል ጭነት አይወርድም!» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ደወሉ አስር ሰዓት ላይ ይደወላል፤ ጭነት ይራገፋል፣ ሁሉም ሳይመሽ ቤቱ ይገባል። ሕጉ ክፋት አልነበረውም።

አንድ ቀን አያ ጅቦ ማማው ሥር መጣ።

«እመት ጦጢት፣ በቆሎ ትወጃለሽ?»

«ብወድስ ምን ዋጋ አለው? ማሳውን ውሻ ይጠብቀዋል።»

«ውሻውን ለእኔ ተይው። አንቺ ብቻ ደወሉን እስኪመሽ አዘግዪልኝ። አህዮቹን መንገድ ላይ እኔ እቀበላቸዋለሁ።»

ጦጢት ምራቋን ዋጠችና ተስማማች።

ጊዜው ክረምት ነበር። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ጠቁሮ ስለሚውል ፀሐይ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ወደ ማማው ያንጋጥጣል። ጦጢት ደግሞ ውስጥ ተቀምጣ፣ የሰዓቱን ጥርስ እንዳይዞር በጅራቷ ጠምጥማ ይዛ፣ በቆሎዋን ትግጣለች።

ቡላ ግን ቤት የተወችው፣ ከጡት በቀር ምግብ የማያውቅ ውርንጭላ አላት። ጡቷ ሞልቶ ሲወጥራት ዳኛው ዘንድ ሄደች።

«አያ በሬ፣ ጡቴ ሞልቷል፣ ልጄ ተርቧል፤ ጭነቴን አውርዱልኝ!»

«ማማው ሳይደውል ጭነት አይወርድም!»

የዚያን ቀን የተደወለው ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት ነው። ዳልቻ የምትባለው ጎረቤቷ አህያ ቤቷ ሳትገባ ቀረች። ጠዋት መንገድ ላይ የተገኘው ኮቴዋ ብቻ ነበር።

በማግስቱም የቡላ ጡት ሞላ።

«አያ በሬ፣ ጡቴ ሞልቷል፣ ልጄ ተርቧል! ሰዓታችሁ ቢዋሽ ጡቴ አይዋሽም!»

«ማማው ሳይደውል ጭነት አይወርድም!»

ቡላ ጥርሷን ነከሰች። «እኔን ጅብ ከበላኝ ልጄን ማን ያጠባዋል? ቢቆርጡኝም ቢፈልጡኝም ዛሬ ይህን ሰዓት ሳላየው አልቀርም!» ብላ ወደ ማማው ደረጃ አመራች።

«አህያ ደግሞ ደረጃ ልትወጣ!» ብሎ ገበያተኛው ሳቀ።

«ያን ሁሉ ድንጋይ ማን ያወጣው መሰላችሁ?» አለችና ከነጭነቷ ሽቅብ ተያያዘችው። ወደቀች፤ ተነሣች። እንደገና ወደቀች፤ አሁንም ተነሣች።

ላይ ስትደርስ ጦጢትን ከነበቆሎዋ አገኘቻት።

«እሜቴ፣ ምን አስቸኮለሽ? ይልቅ እሸቱን ቅመሺ» አለች ጦጢት።

«የዳልቻን ደም ከአንቺ ጋር ልብላ?» አለችና ቡላ የደወሉን ገመድ በጥርሷ ነክሳ ጎተተችው። ድው! ድው! ድው! ጦጢት ደንግጣ በመስኮት ዘላ ጣሪያው ጫፍ ላይ ወጣች። ከታች ጭነት ተራገፈ፤ አህዮቹም ገና በብርሃን ቤታቸው ገቡ። ቡላ ልጇን ስታጠባ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አያ ጅቦ ሲመሽ መንገድ ላይ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ የሚያልፍ የለም። በግኖ ማማው ሥር ተጋደመ።

«ውረጂ ጦጢት! አህያ ሲጠፋ ጦጣም ሥጋ ነው!»

ጠዋት ገበያተኛው ሲመጣ ጅቦ እዚያው አጠገብ ቦይ ውስጥ ገብቶ አደፈጠ። ጦጢት ጣሪያው ላይ ሆና ትጮኻለች፦ «አውርዱኝ! አውርዱኝ!»

«ራስሽ አትወርጂም እንዴ?» አለ አያ በሬ።

«ጅቦ ይበላኛል!»

«ምን አድርገሽው?»

«ውላችንን አፈረስሽ ብሎ ነዋ!»

አፏን በእጇ ብትይዘውም ነገሩ አምልጧል። ጦጢት ወደ ቡላ ዞረች።

«እመት ቡላ፣ አንቺ እንኳ እናት ነሽ፤ እባክሽ አውርጂኝ!»

ቡላ ቀና ብላ አየቻትና፣ «ማማው ሳይደውል ጭነት አይወርድም!» አለቻት።

ጦጢት እስከ አስር ሰዓት ዝናብ ሲወርድባት ዋለች፤ ከዚያ አውርደው ሹመቷን ገፈፏት። ጅቦንም ውሾች ተቀባብለው ከአገር አባረሩት። የደወሉም ገመድ መሬት እስኪነካ ረዘመ፤ ልጅ የምታጠባ እናት ሁሉ ትጎትተው ዘንድ።

እኔ የሰማሁትን ሰጠኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ ይህን ያዙልኝ፦ ከጅብ የተዋዋለ ጦጣ፣ ሲመሽ መውረጃ አጣ።