ጅብ ይበላል

ተረት መጣች፣ በሩን ክፈቱላት! ከፈታችሁ? እንግዲህ ጆሯችሁንም ክፈቱ፤ የዛሬዋ ተረት በዓይን ብቻ አትያዝም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ዘመን፣ አንዲት አህያ አስተማሪ ነበረች። ተማሪዎቿ ጥጃ፣ ጥንቸልና ግልገል "ቲቸር አህዪት" ይሏታል። ጠመኔ በጥርሷ ይዛ ስትጽፍ ረጅሙ ጆሮዋ ሳይቀር በአቧራ ይነጣል።

ከወንዙ ማዶ ደግሞ አያ ጅቦ አለ። አህዪትን ለመብላት ከተመኘ ስንት ዘመኑ! እሷ ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር አትወጣም።

"ሥራዋን ባሳጣትስ?" አለ አንድ ቀን፣ ምራቁን እየዋጠ። ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ የሚናገር ታብሌት አምጥቶ ለትምህርት ቤቱ በስጦታ ሰጠ።

"እኔ አልደክምም! እኔ አልራብም! እኔ አላናፋም!" አለ ታብሌቱ።

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዝንጀሮ በደስታ ዘለለ። "ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከሰኞ ጀምሮ አይምጡ።"

"አቶ ዝንጀሮ፣ ፊደላችን የሚጠብቀውንም የሚላላውንም አንድ አድርጎ ነው እኮ የሚጽፈው! ማን ይለይላቸዋል?"

"ታብሌቱ ነዋ!"

አህዪትም እንባዋን እየጠረገች፣ ግጦሽ ፍለጋ ከአጥሩ ወጣች።

ሰኞ ዝንጀሮ "ትምህርት አላለቀም፤ ገና ነው" ብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ታብሌቱ "ገና"ን አጥብቆ አነበባት።

"በዓል ነው! በዓል ነው!" አሉ ልጆቹ። ደብተር ወርውረው፣ ዱላ አንስተው፣ የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ዋሉ። ኳሷም ሄዳ የአቶ ዝንጀሮን መቀመጫ መታች።

ማክሰኞ ዝንጀሮ "ወደ ቤት በዋናው መንገድ ሂዱ" ብሎ ጻፈ። ታብሌቱ "ዋና"ን አላልቶ አነበባት። ልጆቹ ቦጭረቅ! ወንዝ ውስጥ ገቡ። ጥንቸል በጥጃ ጀርባ፣ ግልገል በጥጃ ጅራት ተንጠልጥለው በመከራ ወጡ።

"የተግባር ትምህርት ነው" አለ ዝንጀሮ ለወላጆች።

ረቡዕ ልጆቹ ታብሌቱን ግልገል አንገት ላይ አንጠልጥለው ከወንዙ ማዶ ሽርሽር ሄዱ። ከአያ ጅቦ ዋሻ በር ላይ የመንደሩ ሽማግሌዎች የሰቀሉት ማስጠንቀቂያ አለ፤ "ጅብ ይበላል" ይላል። ታብሌቱ አጥብቆ አነበበው።

"ለካስ የሚበላ ነው!" አለ ጥጃ።

"እግሩ የኔ!" አለች ጥንቸል።

"ሚጥሚጣ የያዘ አለ?" አለች ግልገል፣ ከሣር ሌላ ቀምሳ የማታውቀዋ።

ዋሻው ውስጥ አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ምሳ በእግሩ ሲመጣለት የመጀመሪያው ነው።

አህዪት ያን ዕለት ግጦሽ ፍለጋ ርቃ መጥታ እዚያው አቅራቢያ ስትግጥ ጫጫታቸውን ሰማች። ደነገጠች። መሸሽ ትችል ነበር፤ እሷ ግን እየጋለበች መጣች።

"ልጆቼ! ላላ አድርጋችሁ አንብቡት! ላላ!"

"ጅብ... ይበላል" አሉ ልጆቹ፣ ላላ አድርገው። እርስ በርስ ተያዩ።

"ማንን?" አለች ጥንቸል።

"እናንተን ነዋ! ከኋላዬ ግቡ!"

አያ ጅቦ ከዋሻው ብቅ አለ። "ቲቸር አህዪት! ስንት ዘመን ጠበቅኩሽ!"

አህዪት በልጆቹ ፊት ቆመች። "ከመብላትህ በፊት፣ በርህ ላይ የተጻፈውን ታውቀዋለህ?"

"ማንበብ የት አውቄ! ሙገሳ ይመስለኛል።"

"ታብሌት! እንደ ቅድሙ አጥብቅ! ድምፅህንም ከፍ አድርግ!"

ታብሌቱ ደስ አለው። "ጅብ ይበላል! ጅብ ይበላል! ጅብ ይበላል!"

"እግሩ የኔ!" ጮኸች ጥንቸል። "ሚጥሚጣው የታለ?" ጮኸች ግልገል። ጥጃም ከንፈሩን በምላሱ ላሰ።

አያ ጅቦ ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ወሽቆ እግሬ አውጪኝ አለ። አሁንም እየሮጠ ነው ይባላል።

አቶ ዝንጀሮ አህዪትን እግሯ ላይ ወድቆ መለሳት። እሷም ታብሌቱን አልጣለችውም፤ ከሰሌዳው ጎን አስቀመጠችው።

"አንተ ታነባለህ፤ ማጥበቅና ማላላቱ የኔ ነው" አለችው።

ማንበብ ለማሽንም ይቻላል። የት መጥበቅ፣ የት መላላት እንዳለበት የሚያውቀው ግን ልጆቹን የሚወድ መምህር ነው።

ተረቴ ሄደች፤ በሩን ዝጉላት። ጠበቅ አድርጋችሁ!