በአንድ ዓይን የተሣለው ፊታውራሪ

ቃል ኪዳኗ የማይታበል እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም፣ ሥዕሏን ለሚሥል አንድ ወዳጇ ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ልቡናችሁን ሰብስባችሁ ስሙ።

በበጌምድር አገር አጽቀ ድንግል የሚባል፣ እመቤታችንን ከልቡ የሚወድ ሠዓሊ ነበረ፤ ጠዋት ጠዋት ቀለሙን ሳይነካ አስቀድሞ "ሰላም ለኪ" ብሎ ይሰግድ ነበር፤ ሥዕሏንም ሲሠራ ዓይኖቿን ከሁሉ በኋላ፣ ያውም እህል ሳይቀምስ ሊሥል ስእለት ነበረበት። መምህር ግን አልነበረውም፤ ትምህርት ቤቱ ጣሪያው የሚያፈስስ የአባቶቹ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ በዚያም የቀደሙ ሰዎች የሣሏቸውን እያየ፣ አፈር ፈጭቶ ቀለም እያደረገ፣ እጁን ራሱ አስተማረ። ነገር ግን ይሁዳና ሰቃልያኑ የተሣሉበትን ግድግዳ እርሱ ሳይወለድ ዝናም አፍርሶት ነበርና፣ ለእርሱ የተረፉለት ጻድቃን ብቻ ነበሩ።

ከዕለታት አንድ ቀን ፊታውራሪ ብሥራት የሚባል መኰንን በእመቤታችን ስም ቤተ ክርስቲያን አሠራና አጽቀ ድንግልን አስጠርቶ፣ "እመቤቴን ሣልልኝ፤ እኔንም ከእግሯ በታች ወድቄ ሣለኝ" አለው። የዚህም ፊታውራሪ አንድ ዓይኑ በጦር ጠፍቶ ነበር። ሠዓሊው ሩኅሩኅ ነበረና፣ የጌታዬን ጉድለት ምእመናን ዘወትር እንዲያዩበት ለምን አደርጋለሁ ብሎ አሰበ፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ደኅናውን ዓይን ብቻ አሳይቶ ሣለው፤ በሥራውም እጅግ ደስ አለው።

የደብሩ አለቃ መጥተው ባዩት ጊዜ ግን እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። "አንተ ሰው፣ ምን አደረግህ? በአንድ ዓይን የሚሣል ይሁዳ ነው፣ በአንድ ዓይን የሚሣል ዲያብሎስ ነው፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይ። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል" አሉት።

አጽቀ ድንግልም "አባቴ፣ እኔ ይሁዳን አይቼው አላውቅም" አለ፤ ይህም እውነት ነበረ።

ለአፍ ዳገት የለውምና ነገሩ ወዲያው ከፊታውራሪው ጆሮ ደረሰ፤ እርሱም "ከኩነኔ ወገን ቆጠረኝ" ብሎ እንደ እሳት ነደደና፣ የሠዓሊው ቀኝ እጅ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዲቈረጥ ፈረደ። አጽቀ ድንግልም እጁን አይቶ አለቀሰ፤ ሌላ ሀብት አልነበረውምና። ከዚያም በፊታውራሪው ፊት ሰግዶ፣ "ጌታዬ፣ ፍርድዎን አልቃወምም፤ ነገር ግን የእመቤቴ ዓይኖች ገና አልተሣሉም። ይህች እጅ ሳትቈረጥ ሥራዋን ትጨርስ" ብሎ ለመነው። ፊታውራሪውም ቁጡ ቢሆንም እመቤታችንን ይፈራ ነበርና፣ "ጨርስና ውጣ" አለው።

ሠዓሊውም ከእህል ተከልክሎ፣ በቀትር ብርሃን፣ ሕዝቡ ሁሉ እያዩት፣ "እመቤቴ፣ ይህን ሰው ላከብረው ብዬ አዋረድሁት፤ አንቺ ታውቂያለሽ" እያለ የቀኝ ዓይኗን ሣለ፤ ከዚያም የግራዋን። ሁለተኛው ዓይን በተፈጸመ ጊዜ እመቤታችን ከግድግዳው ላይ ቁልቁል ተመለከተችና፣ ከእግሯ በታች የወደቀው የፊታውራሪው ሥዕል፣ ሰው ስሙን ሲጠሩት ቀና እንደሚል፣ ፊቱን መለሰ፤ ሁለት ዓይኖችም ነበሩት፤ ሁለቱም ብሩሃን ነበሩ። አለቃውም ቀርበው ቀለሙን በጣታቸው ቢነኩት ደርቆ አገኙት።

ፊታውራሪውም በግንባሩ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ከጠፋው ዓይኑ ሳይቀር እንባ ወረደ። ከዚያም ተነሥቶ የሠዓሊውን ቀኝ እጅ ሳመና "ይቅር በለኝ" አለው፤ የቤተ ክርስቲያኑንም ግድግዳ ሁሉ እንዲሥል ሾመው። ሕዝቡም "አምላክ ሳይደግስ አይጣላም" እያሉ፣ እልል እያሉ፣ ልጇን አመሰገኑ። የፊታውራሪው ዓይን ግን እስከ ዕረፍቱ ድረስ እንደ ጠፋ ቀረ፤ "ስለ ዓይንዎ ለምን አይለምኗትም?" ብለው ሲጠይቁትም፣ "እርስዋን የምመለከትባቸው ሁለት ዓይኖቼ እዚያ አሉ፤ መንገድ ለማየት አንዱ ይበቃኛል" ይል ነበር።

የወዳጇን እጅ ከመቈረጥ የጠበቀች እመቤት የእጃችሁን ሥራ ትባርክ፤ ሳታውቁ የሳታችሁትንም ታቅናላችሁ፤ ይህን የሰማችሁ ሁላችሁን በምልጃዋ ጥላ ታሳርፋችሁ፤ ለዘላለሙ፣ አሜን።