እንቁላል ቆጣሪዋ ኤሊ

ተረት አለኝ፤ «አምጪው» በሉኝ። አስቀድሜ ግን ልናዘዝ፦ ወፎችን ሳጠና የአንድ ጎጆ እንቁላል በራሴ እግር ዱካ ለአውሬ አስበልቻለሁ።

አንዲት ኤሊ ነበረች አሉ። የረግረጉ ዳክዬዎች እየተመናመኑ መሄዳቸው ቢያስጨንቃት፣ በየማለዳው ጎጆ ለጎጆ እየዞረች እንቁላል ትቆጥር ጀመር። አንድ ቀን የአንዲት ዳክዬን ጎጆ ባዶውን አገኘችው። ቀበሮ ከንፈሩን እየላሰ ከሣሩ ውስጥ ወጣ።

«እትዬ ኤሊ፣ እግዜር ይስጥልኝ! በሆድሽ ሣሩን አስተኝተሽ ጎዳና ባትጠርጊልኝ፣ በየት አገኘው ነበር?» አላት።

ኤሊ አንገቷን ቀበረች። ዳክዬዋ ስትመለስ ግን እውነቱን ነገረቻት። ዳክዬዋ ብዙ አለቀሰች፤ ኋላም፣ «መቁጠሩንስ አትተዪው፤ ስናንስ ማን ያውቅልናል? ግን እህቴ፣ አንገት የተሰጠሽ ለመቅበር ብቻ ነው? ከዚያ ጉብታ ላይ ሆነሽ ስንበር ቁጠሪን» አለቻት።

ዳክዬዋ እንደገና ጣለች። ኤሊ ከጉብታው አልወረደችም፤ የተኛው ሣርም ቀና አለ። ቀበሮ ሲፈልግ ውሎ ሲፈልግ ቢሰነብት መንገዱ ጠፋበት። ክረምቱ ሲወጣ ኤሊ አንገቷን መዝዛ ሰማዩን ስታይ፣ አምስት ልጆች እናታቸውን ተከትለው በረሩ። ጮክ ብላ ቆጠረቻቸው፤ ደስ ስላላት ደግማ ቆጠረቻቸው።

ተረቴ ይኸው ነው፤ እናንተም ይቅር በሉኝ።