ሙታን የመሰከሩባት ነርስ

አንድ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ይሄስ እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ እንዳታመልጡኝ ነው። ሰንበት ያስቀድሳል፣ ልጆቹን ያሳድጋል፣ ትልቅ ሰው ሲያይ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። የሰፈሩ እድር ጸሐፊም ነው። መዝገቡ እሱ ጋ ነው፤ አዲስ ሰው ሲገባ ይጽፋል፣ ሰው ሲሞት ይሰርዛል።

እንጀራው ግን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «ኮሙኒኬሽን» ይላል። ሥራው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ በሌለ ሰው ስም ፌስቡክ ላይ መጻፍ ነው። ጠዋት እናት ይሆናል፣ ረፋድ ላይ ነጋዴ፣ ከሰዓት ጡረታ የወጣ ወታደር። አለቆቹ የወደዱትን ያወድሳል፣ የጠሉትን ይሰድባል። «ሕዝቡ እንዲህ አለ» እንዲባል ሕዝቡን እሱ ይፈጥረዋል። ጉድ እኮ ነው!

አንድ ማክሰኞ አለቃው መጣ።

«ያቺን ነርስ አየሃት? መድኃኒት የለንም፣ እናቶች ከጤና ጣቢያው እየተመለሱ ነው ብላ የጻፈችውን?»

ማየት ብቻ? ያውቃታል እንጂ። ሲስተር ትርሲት ጎረቤቱ ናት፣ እድርተኛው ናት። ሁለተኛ ልጁን ያዋለደችለት እሷ ናት።

«እስከ ምሳ ሰዓት ሠላሳ ሰው ይነሣባት። መድኃኒቱን ሰርቃ የሸጠችው ራሷ ናት ይበሏት። አልችልም ካልክ የሚችል አለ።»

የሚችል አለ! ይህቺን ቃል የማታውቁ አላችሁ? ስንቱን አንበርክካለች ይህቺ ቃል።

ሰውየው ተቀመጠ። የድሮዎቹን የፈጠራ ስሞች ሰው ነቅቶባቸዋል። ሠላሳ ስም በአንድ ጠዋት ከየት ይምጣ? በቦርሳው ውስጥ የእድሩ መዝገብ ነበር፤ ከፈተው። የተሰረዙትን ስሞች አየ። ሙታን አይከሱም አለ በልቡ፤ ሙታን አይቀየሙም አለ። በየስማቸው ፌስቡክ እየከፈተ አንድ በአንድ አስነሣቸው። ጌታ በመጨረሻው ቀን የሚሠራውን እሱ ከምሳ በፊት ጨረሰው። አትሳቁ፣ ቀልድ አላወራሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ነበር። ሲስተር ትርሲት መሐል ላይ ቆማለች።

«ሌባ ከእኛ ጋር አይቀበርም!» አለ አንዱ። «ትውጣ!»

«እኔን አስወጡኝ» አለች ትርሲት። «እናቴ ግን አልጋ ላይ ናት፣ ዛሬ ነገ እያለች ነው። እሷን ማን ይቀብርልኛል?»

የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረየስ ማስረጃ ጠየቁ። ያ «ትውጣ» ያለው ሰው ስልኩን አወጣና ጮክ ብሎ አነበበ። «ሽብሩ ወልደሰንበት እንዲህ ይላል፤ ይቺ ሴት መድኃኒቱን በካርቶን ስታወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ከሴቶቹ መካከል ወይዘሮ የሺመቤት ተነሡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ፣ አላነሡትም።

«ማን አልክ?»

«ሽብሩ ወልደሰንበት።»

«ባሌን ነው? ሽብሩ ከሞተ አራት ዓመቱ አይደለም ወይ? እናንተው አይደላችሁ የቀበራችሁት?» ብለው እዚያ ወደነበሩት ቄስ ዞሩ። «አባቴ፣ ነፍሱ አላረፈችም ማለት ነው?»

ሰዉ ክው አለ። ያማተበም ነበር። አቶ ገብረየስ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «መዝገቡን የምታውቀው አንተ ነህ። ይህ ሽብሩ ማነው?»

ወገኖቼ፣ ፍርሃትን እዚህ ላይ እዩልኝ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ቢል ትርሲት ትድናለች፣ አሮጊቷ በወግ ትቀበራለች፣ የሺመቤትም ተኝተው ያድራሉ። ግን ሥራው አለ፣ አለቃው አለ፣ ልጆቹ አሉ። የጎረቤቱ ዓይን አለ።

«ሞክሼ ይሆናል» አለ።

ሕዝቡ ምን ያለ ይመስላችኋል? «በል ተው፣ ይህ ሞክሼ አይደለም» ያለ መሰላችሁ? እፎይ ነው ያለው! «አዎ፣ ሞክሼ ነው» አሉ። እጅ ይውጣ ተባለ፣ እጅ ወጣ። እሱም አወጣ። ቃለ ጉባኤውን በገዛ እጁ ጻፈ፤ የትርሲትን ስም በቁሟ እያየችው ሰረዘ።

ሐሙስ ዕለት እናቷ ሞተች። ጥሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም። ቃሬዛውን አራት ሰው ተሸከመው፤ አንዷ ራሷ ትርሲት ነበረች። ሰውየው ከመጋረጃ ኋላ ቆሞ ያያል።

«ውጣ እንጂ!» አለችው ሚስቱ። «ልጅህን ያዋለደች ሴት አይደለችም ወይ?»

«ያዩኛል» አላት።

ማን ነው የሚያየው? መንገዱ ላይ እኮ ሰው የለም። እነዚያ ራሱ የሠራቸው ሰዎች ናቸው የሚያዩት። ነገ በእሱ ላይ ቢነሡስ? «የሌባዋን እናት ቀበረ» ቢሉትስ? የሌሉ ሰዎችን ፈርቶ፣ ያለችውን ሴት ብቻዋን ሰደዳት።

ተናደዳችሁበት አይደል? ይገባል። የሐሰት ሕዝብ የሚያሠሩትም ፍርዳቸው አይቀርም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በዚያ ጉባኤ ውሸቱን የጻፈው ስንት ሰው ነው? አንድ። እጅ ያወጣውስ? ትርሲትን ሁሉም ያውቃታል፤ ልጆቻቸውን ከትባለች፣ ሌሊት በር ሲያንኳኩባት ወጥታለች። ሽብሩን የቀበሩት እነሱ ናቸው፤ አፈሩን በእጃቸው መልሰዋል! የቀበሩትን ሰው ምስክር አድርገው አብራቸው የኖረችውን ፈረዱባት። ለምን? ሠላሳ ሰው አለ ስለተባለ። ከብዙ ሰው መለየት ስላስፈራቸው።

እናንተስ? አንቺ ከኋላ ያለሽው፣ ስልክሽን ኪስሽ ክተቺና ስሚኝ። በዚህ ሳምንት ስለ ማን አነበባችሁ? ማንን «እሰይ፣ ይበላት!» አላችሁ? ያን የጻፈውን ሰው ታውቁታላችሁ? በሩ የት ነው? እናቱ ማን ናት? ያቺ የተሰደበችው ግን ምናልባት ከቤታችሁ ሦስተኛዋ በር ናት፤ አንኳኩታችሁ «እውነት ነው ወይ?» ብላችኋታል?

ሁላችንም አንድ ቀን በጌታ ፊት እንቆማለን፤ እድርተኛ ተከትሎን አይመጣም። «በዚያች ሴት ላይ ለምን ፈረድክ? ለምን ፈረድሽ?» ይለናል። እኛም እንደ ልማዳችን «ጌታ ሆይ፣ ሰው ሁሉ እንዲያ ሲል ነበር» እንላለን።

«እሺ» ይለናል። «ጥሯቸውና ይምጡ።»

ማንን ልትጠሩ ነው?