ከሰል የገባበት ባትሪ

በአንድ ወቅት፣ ብርድ በማይለቃት አንዲት የደጋ ከተማ፣ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህታቸው ይኖሩ ነበር። የከተማዋ አምቡላንስ ውርጭ በጣለ ቁጥር አልነሳ ይላል፤ አዲስ ባትሪ ቢገባለትም ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። አንድ ማለዳ ምጥ የያዛት ሴት ተጭና ሳለ ሞተሩ እምቢ አለ። ሴትየዋ እዚያው አረፈች።

ባትሪ ጠጋኙ ታላቅየው ጥጋቡ የሞተውን ባትሪ ቢከፍተው በውስጡ ያሉትን የእርሳስ ሰሌዳዎች ነጭ ቅርፊት ወርሷቸዋል፤ ባትሪውን የሚገድለው ይኸው ነበር። ሲያስብ ከርሞ፣ «ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው የእርሳስ ዱቄት ሊጥ ሲቦካ ከሰል ቢገባበት ቅርፊቱ አይጠነክርም» አለ። በከተማዋ ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። ግን የማገዶ ከሰል ወቅጦ ቢጨምርበት ባትሪው ጭራሽ ተበላሸ። ተስፋ ቆርጦ ተወው።

እህቱ ስንዱ አልተወችም። ከሰሉን በተከደነ በርሜል መልሳ አቃጠለች፤ አጠበች፤ ፈጨች፤ በስስ ጨርቅ ነፋች። ከሰሉ ሲበዛ የባትሪው ውሃ ቶሎ ያልቃል፤ ሲያንስ ቅርፊቱ ይመለሳል። ብናኙ ደረቷን እያፈናት፣ እያሳላት፣ በመጨረሻ ልኩን አገኘችው።

ታናሽየው ማንያዘዋል የአምቡላንሱ ሾፌር ነበር። አለቃው «የቤት ውስጥ ሙከራ መኪናዬ ላይ አይገባም!» ቢለውም እሱ አዲሱን ባትሪ ደብቆ ገጠመው። ውርጩ ሣሩን ባነጣበት ማለዳ ሌላ ምጥ የያዛት ሴት መጣች። ሞተሩ ቁልፉ እንደዞረ ተነሳ፤ እናትም ልጅም ተረፉ። ማንያዘዋል ግን ትእዛዝ ጥሰሃል ተብሎ ተባረረ።

ወሬውን የሰማ አንድ ፋብሪካ ባትሪውን ልሥራው አለ፤ የሚጠራው ግን በአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። ወንድማማቾቹና እህታቸው መስማማት አቅቷቸው ሽማግሌዎች ፊት ቀረቡ።

«ሐሳቡ የኔ ነው» አለ ጥጋቡ። «እሷ ከሰል ነው የፈጨችው።»

የስንዱ ደም ፈላ። «ከሰል ነው የፈጨችው? አንተ ጥለኸው በሄድከው ነገር ሳንባዬን ጨረስኩ! ወንድ ብሆን እንዲህ ትል ነበር?»

«እኔ ባልገጥመው መደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር» አለ ማንያዘዋል። «እንጀራዬን ያጣሁበት እኔ ነኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «እንግዲህ ለታላቅ ይለቀቅ» ሲሉ ስንዱ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«አባቶቼ፣ የምትፈርዱት ለዕድሜ ነው ለሥራ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ለጥጋቡ፣ አንዱ ለስንዱ፣ አንዱ ለማንያዘዋል ተሟገቱ፤ ሳይስማሙም ተበተኑ።

እናንተስ፣ የሰማችሁ ሁሉ፣ ሳታዳሉ ፍረዱ፦ ያ ባትሪ በማን ስም ይጠራ?